ምን ጠፍቷችሁ ነው?

«የጫጉላ ሽርሽር» የሚባለውን ነገር የጎጃም አያቶቻችን ቢሰሙት ሳቃቸውን የሚችሉት አይመስለንም። ጫጉላ እኮ የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት አልነበረም። ሙሽሮቹ ከሚዜዎቻቸው ጋር የሚሰነብቱበት ጎጆ ነው። ሙሽራዪቱ ፀሐይ እንዳይነካት፣ ዓይን እንዳይበላት ተሸፋፍና ትቀመጣለች፤ ገንፎው ይመጣል፣ ቅቤው ይፈስሳል፣ ሚዜው እንደ ዘበኛ ከደጃፍ አይጠፋም። ሽርሽር ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው፤ መውጣት፣ መታየት፣ እግር ወዳመራ መሄድ። ሁለቱን አጋብቶ «የጫጉላ ሽርሽር» ማለት «የቤት ውስጥ ዘመቻ» እንደማለት ነው። ቋንቋችን ግን ደግ ነውና ችሎ ተሸክሞታል። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የጉዞ ወኪሎች መስኮት ላይ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ፤ ዛንዚባር ይህን ያህል ሌሊት፣ ታይላንድ ይህን ያህል ሌሊት፣ ቁርስን ጨምሮ።

ማስታወቂያዎቹን አይታችኋል። አንድ ወንድና አንዲት ሴት የራስ ቁር አድርገው፣ ወገባቸው በቀበቶ ተጠፍሮ፣ ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው በተወጠረ ገመድ ላይ እየጮሁ ይንሸራተታሉ። ከዚያ ፏፏቴ ሥር ይዋኛሉ። ከዚያ በጎማ ጀልባ ወንዝ ይወርዳሉ። ከሰዓት በኋላ ጭቃ በጭቃ ሆነው በቅጠል ላይ የቀረበ ፍራፍሬ ይበላሉ። ሲመሽ የእንቁራሪት ዜማ እየሰሙ ይተኛሉ። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን! እኛ ደግሞ ካፌ ቁጭ ብለን፣ አንድ ማኪያቶ ለሁለት ሰዓት እየጠጣን፣ በሞባይላችን እናያቸዋለን።

የምንቀናው በገንዘባቸው ብቻ አይደለም። እውነቱን እንናገር ካልን ከገንዘባቸው ይልቅ የሚያስቀናን ሌላ ነገር ነው፦ ማንም «እዚህ ምን ትሠራላችሁ?» ብሎ አይጠይቃቸውም።

እስቲ ጫካ የሚለውን ቃል ራሱን ተመልከቱት። በኛ አማርኛ «ጫካ ገባ» ማለት ሸፈተ ማለት ነው። «በረሃ ወረደ» ማለት ጠመንጃ አነሣ ማለት ነው። «ዱር ቤቴ አለ» ማለት መንግሥትን ወይም ጠላትን ካደ ማለት ነው። አንድ ጎረምሳ ለወዳጁ «የኔ ቆንጆ፣ ቅዳሜ ጫካ እንሂድ» ቢላት፣ ሌላው ዓለም ለምሳ የሚሆን ነገር ያዘጋጃል፤ የኛዋ ግን ወይ ስለ ክብሯ ወይ ስለ ፖለቲካው ትጨነቃለች። ዱር ለኛ የሚሸሹበት፣ የሚደበቁበት፣ የሚሞቱበት ቦታ ሆኖ ነው በቋንቋ ውስጥ የተቀመጠው። የሚጫወቱበት ቦታ አድርጎ የሚጠራው ቃል ፈልገን አጥተናል። ጨዋታ ሲመጣ «መናፈሻ» እንላለን፤ እሱም አጥር፣ ትኬትና ዘበኛ ያለው ነው።

ለዚህ ማስረጃ ከፈለጋችሁ 1960 ዓ.ም.ን ውሰዱ። በዚያ ዓመት በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አልቀበልም ብሎ ተነሣ። ጦርና አውሮፕላን ተላከበት። ገበሬው ዱር ገባ። ዓመቱ ሳይወጣ ደግሞ በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የሚመራ የእንግሊዝ ወታደሮችና ተመራማሪዎች ቡድን በጎማ ጀልባ ዓባይን ሊወርድ መጣ። ያው ሸለቆ፣ ያው ክረምት፣ ያው ገደል። ከወዲህኛው አፋፍ ያለው ሰው በረሃ የገባው ከግብርና ከቦምብ ለመሸሽ ነው፤ ታች ወንዙ ላይ ያለው ደግሞ ለጀብዱ። የኋለኞቹ ጉዞ በመጽሐፍና በፊልም ተነገረ። «ጀብዱ» የምትባለው ቃል ለማን እንደምትሰጥና ለማን እንደማትሰጥ ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለንም።

እንግዲህ በጥር 2015፣ ከጥምቀት ማግሥት ባለው ሳምንት፣ ሁለት ሆነን «እኛስ ምን ጎደለን?» ብለን ተነሣን። ከደብረ ማርቆስ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሚኒባስ ተሳፈርን። ዕቅዳችን ባለ አራት መስመር ነበር፦ የጥኖራ ላይ ቁርስ፣ ደጀን ላይ ውኃ መግዛት፣ ዓባይ በረሃ መውረድ፣ ሳይመሽ መመለስ። ጎማ ጀልባ የለም፣ የራስ ቁር የለም። አንድ ቦርሳ፣ ሦስት ዳቦ፣ ግማሽ ኪሎ ቆሎ፣ ሁለት ብርቱካን።

የጥኖራን ብዙዎቻችሁ የምታውቋት በመኪና መስኮት ነው። ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ያለች፣ ሾፌሩ ካልቆመ የምትታለፍ ከተማ። ወላጆቻችን ግን ስሟን ከሬዲዮ ያውቁታል። በደርግ ዘመን የየጥኖራ የገበሬዎች አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር የአርዓያ አርዓያ ተብሎ የሚታይ ነበር። ባለሥልጣን ይመጣል፣ እንግዳ ይመጣል፣ ይጎበኛል፣ ይጨበጨባል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1990 መንግሥቱ ኃይለማርያም «ቅይጥ ኢኮኖሚ» ሲያውጁ ገበሬው በየአገሩ የኅብረት ሥራ ማኅበሩን እየበተነ መሬቱንና በሬውን ተካፈለ። የአርዓያነቱም ዘመን አበቃ።

ይህን ታሪክ ያመጣነው በከንቱ አይደለም። በኛ አገር «ጉብኝት» ማለት ይኸው ነው። የሥራ ጉብኝት። ባለሥልጣን ይጎበኛል፣ ልዑካን ይጎበኛል፣ ፈረንጅ ይጎበኛል። ሁለት ሥራ ያላቸው ሰዎች በዕረፍት ቀናቸው፣ ደብዳቤ ሳይዙ፣ ሪፖርት ሳይጽፉ፣ አንድን አገር ለማየት ብቻ ሲመጡ ምን እንደሚባሉ ስሙ አልወጣም። የጥኖራ ላይ ሻይ ያቀረበችልን ሴትዮ «የጤና ናችሁ የግብርና?» አለችን። «ከምንም አይደለንም» ስንላት በሐዘኔታ ተመለከተችንና ተጨማሪ ስኳር ጨመረችልን።

ደጀን ላይ ቁልቁል የሚወርድ መኪና ተለምነን ተሳፈርን። የዓባይን ሸለቆ ወርዶ የማያውቅ አንባቢ ካለ እንንገረው፦ ከአፋፉ እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። ከላይ ጋቢ የሚያስለብስ ብርድ፣ ከታች ሸሚዝ የሚያስወልቅ ሙቀት። ጆሮህ ይደፈናል። ጤፍ ታይቶ ይጠፋና ግራርና ቁልቋል ይመጣል። የአየር ንብረት ትምህርት ክፍል ውስጥ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ብለን በቃላችን ያጠናነውን ሁሉ በአንድ ሰዓት ታየዋለህ። ዝንጀሮዎቹ መንገድ ዳር ተሰልፈው እንደ ትራፊክ ፖሊስ ይመለከቱሃል። ሞቃታማ ጫካ ከተባለ የኛው ይሄ ነው። ደኑ ሳስቷል፣ ብዙው ቦታ ድንጋይና ቁጥቋጦ ነው፤ ሙቀቱና ጥልቀቱ ግን ማንም ያልቀነሰው ነው።

ታች ሁለት ድልድይ አለ። አሮጌው፣ አባቶቻችን በፍርሃት የተሻገሩት ጠባቡ፣ እና በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2008 የተመረቀው፣ 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ። አዲሱ ድልድይ በኬብል የተወጠረ ነው፤ ከሩቅ ሲታይ በገና ይመስላል። ፎቶ ማንሳት ግን ክልክል ነው። የአካባቢው ጠባቂ በትሕትና ነገረን፣ እኛም በትሕትና ሞባይላችንን ከተትን። ስለዚህ ለማኅበራዊ ሚዲያ የሚሆን ማስረጃ የለንም፤ ማመን ያለባችሁ በቃላችን ነው።

ከወንዙ ትንሽ ከፍ ብሎ ካለ ግራር ሥር አረፍን፤ ብርቱካኑን ተካፈልን። ከዚያ አቋራጩን ይዘን ወደ ላይ መውጣት ጀመርን። ከሁለት አንዳችን (ማን እንደሆነ እንዳንናገር ተማምለናል) በመቀመጫው ሦስት ሜትር ተንሸራተተ። ጉልበታችን ተንቀጠቀጠ፣ ውኃው ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አለቀ፣ እርስ በርስም ተቆጣን፣ ደግሞ ሳቅን። ማስታወቂያዎቹ «ትስስራችሁን ያጠናክራል» የሚሉት ውሸት አይደለም። ካፌ ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀምጠን ያላወቅነውን አንዱ የሌላውን ጠባይ በአንድ ዳገት አወቅነው። አንዱ ሲደክመው ዝም ይላል፤ ሌላው ሲደክመው ይዘፍናል። ይህንን ከጋብቻ በፊት ማወቅ ትልቅ ነገር ነው።

ያኔ ነው አህዮቻቸውን እየነዱ የሚወጡ አንድ አዛውንት ያገኙን። ቆሙ። እኛን አዩ፣ ቦርሳችንን አዩ፣ ጫማችንን አዩ።

«እንዴት ዋላችሁ ልጆቼ። ምን ጠፍቷችሁ ነው?»

«ምንም አልጠፋንም አባባ። አገር ለማየት ነው።»

«አገሩ ምን ሆነና?»

«እንዲሁ ለሽርሽር ነው አባባ።»

ትንሽ አሰቡና ከት ብለው ሳቁ። «ይችን ገደል ስወጣ ስወርዳት ጠጉሬ ሸበተ። ለካ ዕድሜ ልኬን ሽርሽር ላይ ኖሬያለሁ!» አሉ። ከዚያ አቋራጩ የት ላይ እንደሚሻል በበትራቸው አሳዩን፣ ከቅላቸው ውኃ አጠጡን፣ «በሉ በሰላም ያግባችሁ» ብለው አህዮቻቸውን ተከተሉ። «ያግባችሁ» ሲሉ ቤታችሁ ያድርሳችሁ ማለታቸው ይሁን ሌላውን ማለታቸው፣ እስከ ደጀን ድረስ ስንከራከርበት ወጣን።

የሳቸው ቀልድ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈንም እሱ ነው። እስቲ ወደ ሞጣ እንሂድ።

ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወረድ ሰባራ ድልድይ የሚባል አለ። ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኝ፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጎንደር ነገሥታት ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ፈረሰና ስሙ ሰባራ ሆነ። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ሰው እንዴት ይሻገር ነበር? በገመድ። ከወዲያና ከወዲህ የቆሙ ጎረምሶች ገመድ ይወረውራሉ፣ ተሻጋሪው ወገቡን ይታሰራል፣ ከዚያ ከሥሩ ዓባይ እየጮኸ በአየር ላይ ይጎተታል። ነጋዴው እንዲህ ገበያ ሄዷል፣ ዘመድ እንዲህ ለቅሶ ደርሷል፣ ሙሽራም ብትኖር ሌላ መንገድ አልነበራትም።

እ.ኤ.አ. በ2001 ኬን ፍራንትዝ የሚባል አሜሪካዊ የግንባታ ባለሙያ ይህንኑ የገመድ መሻገር ፎቶግራፍ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ አየ። በሚቀጥለው ዓመት መጥቶ ከአካባቢው ሕዝብ ጋር የተሰበረውን ክፍል በብረት ጠገነው። ለዚሁ ያቋቋመው ድርጅት ኋላ በሌሎች አገሮችም ብዙ የእግረኛ ድልድዮች ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 ግን ዓባይ ሞላና ጥገናውን ጠራርጎ ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ2009 ከጎርፉ ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

አሁን ያንን የማስታወቂያውን ገመድ አስታውሱት። በዛፎች አናት ላይ በገመድ መንሸራተት ስመ ጥር የሆነው ኮስታሪካ ውስጥ ነው። በ1970ዎቹ ዶናልድ ፔሪ የሚባል የሥነ ሕይወት ተመራማሪ የደኑን ጣራ ለማጥናት ገመድ ዘረጋ፤ ኋላ ነጋዴዎች ሐሳቡን ወሰዱትና ለቱሪስት ሸጡት። ዛሬ አዲስ ተጋቢዎች ውቅያኖስ አቋርጠው ሄደው፣ ወገባቸውን ታስረው፣ ከሸለቆ በላይ ይንጠለጠላሉ፤ ከዚያ ወርደው ፎቷቸውን ይገዛሉ። ሞጣና ማዶዋ ያሉ ሰዎች ደግሞ ወገባቸውን ታስረው ከሸለቆ በላይ ተንጠልጥለዋል፤ ፎቷቸውን የገዛው ግን ሌላ ነው።

ገመዱ ያው ገመድ ነው። ልዩነቱ አንዱ እምቢ ማለት መቻሉ ነው። ጀብዱ የሚባለው የመረጡት አደጋ ነው፤ ያልመረጡት አደጋ ኑሮ ይባላል። አዛውንቱ የሳቁብን ለዚህ ነው፤ እሳቸው ያልመረጡትን ዳገት እኛ መርጠነው መጣን።

ታዲያ ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ሽርሽር የጥጋበኛ ነገር ነው፣ በድሃ አገር አያምርም» የሚል አለ። ወዳጆቻችን መካከልም አለ፤ በዚህ ጉዳይ ስንት ሌሊት ተጨቃጭቀናል። እኛ አንስማማም። ከአዛውንቱ ሳቅ የምንወስደው ትምህርት የኛ ዳገት ይቅር የሚል አይደለም። የሳቸው ዳገት ይቅለል፣ እሳቸውም አንድ ቀን አህያቸውን ትተው ከባለቤታቸው ጋር ግራር ሥር ይቀመጡ ነው። ድልድይ ሲሠራ ሁለቱም አብረው ይመጣሉ። ሞጣ ላይ ገመዱ በድልድይ ሲተካ፣ ወንዙ የሚያስፈራ ብቻ ሳይሆን የሚታይም ሊሆን ጀመረ። ሰው መሻገሪያ ሳይኖረው ውኃ አያይም፤ መሻገሪያ ሲያገኝ ግን መሐል ላይ ቆም ይላል።

ደግሞም ፍቅር ከቤት ውጭ መዋል ለኛ ባዕድ ነው የሚለውን አንቀበልም። ጥምቀት ምንድን ነው ታዲያ? ሎሚው ምን ሊሠራ ይወረወራል? አዲሱ ቀሚስ ለታቦቱ ክብር ብቻ ነው የተሰፋው? ባህላችን ፍቅረኞችን ደጅ ያወጣል፤ ብቻ ቀን ቆጥሮ፣ ታቦት አስቀድሞ፣ መንደሩ ሁሉ እያየ ነው። ፈቃዱ ዓመታዊ ነው እንበል። የኛ ትውልድ የጠየቀው አዲስ ነገር ቢኖር ተራ ቅዳሜን ነው።

የጎጃምን ታላቅ የፍቅር ታሪክ አስቡት። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህና ሰብለ ወንጌል የሚገናኙት ዲማ ነው፤ ከቢቸና ብዙ ሳይርቅ። የት ተዋደዱ? ቤት ውስጥ። እሱ አስተማሪ፣ እሷ ተማሪ፣ በመካከላቸው ፊደል፣ በበላያቸው ፊታውራሪ መሸሻ። በዚያ ሁሉ አገር፣ በዚያ ሁሉ ሜዳ፣ ከዚያ ሁሉ ምንጭ አጠገብ አንድ ቀን አብረው በነፃነት አልተንሸራሸሩም። መንገድ የወጡት ሲሸሹ ነው፤ እሱ ለብቻው፣ እሷም እንደ መናኝ ለብሳ ለብቻዋ። በመጨረሻም መንገዱ ላይ ደረሰችበት፤ ሊሞት ሲያጣጥር። መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ ስለ ባላባት ሥርዓቱ ይነግራችኋል፤ ልክ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ትንሿን ነገር እናንሣ፦ እነዚህ ሁለት ልጆች አንድ ሽርሽር እንኳ አልነበራቸውም።

ዛሬ ዲማ የሚሄድ ወጣት ጊዮርጊስን ያያል፣ ቢቸና ላይ ሻይ ይጠጣል፣ ደብረ ወርቅ ማርያምን ይሳለማል፣ ጊዜ ካለው መርጡለ ማርያም ድረስ ይዘልቃል። በአንድ መስመር ላይ ይህን ያህል ታሪክ የተሰበሰበበት አገር ጥቂት ነው። ግን ሁሉም የሚሳለሙት እንጂ የሚውሉበት አይደለም። ልብ ወለዱ የተጻፈበትን መንገድ በእግር እንሂድ የሚል ሁለት ሰው ቢመጣ የት ይደር? ማን ይምራው? ማን ይመግበው? እዚያው አገር ያደገ ጎረምሳ የመንገድ መሪ ሆኖ ቀኑን ቢከፈለው ምን ነበረበት?

ይህ ሕልም ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ የተሠራ ምሳሌ አለ። በላስታና በመቄት አምባዎች ላይ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በተስፋ ፕሮጀክት አማካይነት ገበሬዎቹ ራሳቸው ጎጆ ሠርተው፣ ራሳቸው አብስለው፣ ራሳቸው ሻንጣውን በአህያ ጭነው እንግዳ ሲያስተናግዱ ኖረዋል፤ ገቢውም ለመንደሩ ነበር። ወደኛ ስንመጣ ደግሞ ጮቄ አለ። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ጅብራ የበቀለበት፣ ብዙ የዓባይ ገባር ወንዞች የሚነሡበት ተራራ። የጮቄ ተራሮች ኢኮ መንደር እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል። ጭቃ ቤት፣ ሣር ክዳን፣ የገበሬ መንደር። እዚህ ደረጃ ለመድረስ ሄሊኮፕተር ማረፊያ አላስፈለገውም።

ይህን የምንለው የሌላውን መንገድ ስላየን ነው። በነሐሴ 2012 ይፋ በሆነው «ገበታ ለሀገር» ጎርጎራ፣ ወንጪና ኮይሻ ላይ የተሠሩት የመዝናኛ ሥፍራዎች ያምራሉ፤ ማማራቸውን የሚክድ ዓይን የለንም። ግን የአንድ ሌሊት ዋጋቸውን ከአንድ ጀማሪ መምህር የወር ደመወዝ ጎን አስቀምጣችሁ እዩት። ሁለት ጀማሪ መምህራን ቢጋቡ እንኳ ሒሳቡ አይሞላም። በነዚህ ቦታዎች የሚነሡት ፎቶዎች ለኛ ከኮስታሪካው ማስታወቂያ ብዙ አይለዩም፤ ሁለቱንም የምናያቸው ካፌ ሆነን ነው።

ኮስታሪካን ደጋግመን ያነሣነው ለቅናት ብቻ አይደለም። ያ የሚያስቀናው ጫካ ከሰማይ አልወረደም። ለከብት ግጦሽ ተብሎ ደናቸው ተመንጥሮ ተመንጥሮ በ1980ዎቹ ከአገሩ ሩብ ያህሉን ብቻ የሚሸፍን ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት የደን ሕግ ዛፉን ጠብቆ ለሚያቆይ ገበሬ ክፍያ መክፈል ጀመሩ፤ ገንዘቡም በብዛት ከነዳጅ ግብር ይመጣል። ዛሬ ከግማሽ በላይ አገራቸው ደን ነው። በኛ ደጋ አገር በቀሉ ደን የተረፈው በአብዛኛው ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። ከአውሮፕላን ስታዩት በቢጫ ማሳ መካከል ክብ ክብ አረንጓዴ ነጠብጣብ ነው፤ እያንዳንዱ ነጠብጣብ አንድ ደብር። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜግ ሎውማን በደቡብ ጎንደር እነዚህን ደኖች ከከብት ለመከላከል ከካህናቱ ጋር ሆነው ዙሪያቸውን በድንጋይ ካብ ሲያሳጥሩ ቆይተዋል። ድንጋዩ ደግሞ ከገበሬው ማሳ የተለቀመ ነው፤ ለማሳውም ለደኑም በጀ። እዚያ ጥላ ሥር ግን እጅ ለእጅ ተያይዞ መንሸራሸር አይቻልም፤ ቅዱስ ቦታ ነው፣ መሆንም የለበትም። ስለዚህ ቅድስናም ዘበኛም የሌለው ሌላ ጥላ ያስፈልገናል። ከባሕር ዛፍ ውጭ የሆነ፣ ከተማው ዳር ያለ፣ በነፃ የሚገባበት።

ይህን ሁሉ ስናወራ የሚቆጣን እንዳለ እናውቃለን። «አገር በጦርነት ላይ እያለ ስለ ሽርሽር?»

ልክ ነው፤ በጥር 2015 የወጣነውን ቀን ዛሬ አንደግመውም። ያ ጥር ከፕሪቶሪያው ስምምነት ወዲህ፣ ከክልላችን ጦርነት ወዲያ ያለች ጠባብ ክፍተት ነበረች። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል በመንግሥት ጦርና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ውጊያ ተቀሰቀሰ፤ ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁ ከአሥር ወር በኋላ ቢያበቃም መንገዱ እንደ ድሮው አልሆነም። «መንገዱ ሰላም ነው?» ከሰላምታ ቀጥሎ የምንጠያየቀው ጥያቄ ሆነ። ሰው ለለቅሶ እንኳ አመንትቶ ነው የሚነሣው። ጫካም ወደ አሮጌ ትርጉሙ ተመለሰ።

ለዚህ ነው ጉዳዩን አሁን የምናነሣው። ሰላም ሲባል የምንሰማው ስለ ስምምነት፣ ስለ ትጥቅ መፍታት፣ ስለ መግለጫ ነው። እነዚህ ይኑሩ። እኛ ግን ሰላም መጥቷል የምንለው በሌላ መለኪያ ነው፦ ሁለት ሰዎች ከቢቸና ወይም ከየጥኖራ ተነሥተው፣ ለማንም ሳያስፈቅዱ፣ መታወቂያ ሳይመዘዝ፣ ገደል ወርደው፣ ብርቱካን በልተው፣ ሲመሽ ሲመለሱ፤ እናታቸውም እስኪመለሱ ድረስ ስልክ ሳትደውል ስትቀር። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። እስቲ ትንሽ መሆኑን በዚህ ሳምንት ሞክሩትና እዩት።

እስከዚያው ዕቅዳችንን አልተውንም። የሚቀጥለው መስመር ተይዟል፦ አንድ ሌሊት ቢቸና፣ ንጋት ላይ ዲማ በእግር፣ ከዚያ ሞጣ፣ ከሞጣ ሰባራ ድልድይ። ሁለት ጥንድ ጫማ ገዝተናል፤ ዋጋቸውን አትጠይቁን። የሞጣ ልጆች ግን ከምታነቡን መካከል ብዙ እንደሆናችሁ እናውቃለንና ንገሩን። ከከተማው እስከ ወንዙ በእግር ስንት ሰዓት ይፈጃል? በየትኛው ወር ነው ውኃው የሚጠራው? ድልድዩን ተሻግሮ ማዶ ለምሳ የሚቀመጡበት ጥላ አለ ወይስ ጃንጥላ እንያዝ?